ቆመው የሚረግጡት ፍሬን

የሱሉልታዋ እትዬ፣ ቡራዩ ወደነበረው ጋራዤ መጀመሪያ የመጡ ዕለት፣ ከዋናው መንገድ ታጥፋ ወደ ግቢዬ የምትገባው ካሚዮን ሾፌር የሌላት መስላኝ ነበር። ቀረብ ስትል ከመሪው በላይ ነጭ ሻሽ ታየኝ። ወዲያው ሻሹ ሽቅብ ተነሳ። አንዲት አጭር፣ ቀጭን ሴት መሪውን በሁለት እጃቸው ሙጭጭ አድርገው ይዘው፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ በሙሉ ክብደታቸው ፍሬኑ ላይ ቆመዋል። ካሚዮኗ እንደዚያም ተደርጎ ቶሎ አልቆመችም። እያዘገመች መጥታ አጥሩ ስር ከከመርኩት አሮጌ ጎማ ጋር ተላተመችና ቀጥ አለች።

ሮጬ በሩን ከፈትኩላቸው። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ።

«አካም ቡልቴ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አሉኝ።

«ነጋ፣ ደህና፣ እትዬ። አካም ቡልተኒ? ተጎዱ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ። መሄዱን ደህና ትሄዳለች። መቆሙን ነው እምቢ ያለችኝ።»

ያኔ ሃያዎቹን ልጨርስ ትንሽ የቀረኝ መካኒክ ነበርኩ። ሙያውን አዲስ አበባ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ ተምሬ፣ ቡራዩ ላይ የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቁሜ፣ ቆርቆሮ አልብሼ የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ብዙም አልቆየሁ። ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሱ ካሚዮኖች ስለማይጠፉ ሥራ አላጣም። ሴት ሾፌር ግን፣ ያውም የካሚዮን፣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። መኪናዋን ልመርምር ብልም ዓይኔ እየሸሸ ወደ እሳቸው ይሄድብኛል።

«የምታየው እኔን ነው መኪናዋን?» አሉኝ።

አፍሬ መኪናዋ ስር ገባሁ።

ከስር ሆኜ ሁሉንም ነካካሁ። ጎማውን አንቆ የሚይዘው የፍሬኑ ሸራ አላለቀም፤ ዘይቱ አይፈስም፤ ቱቦው አልላላም። ፔዳሉን በእጄ ገፋሁት፣ አልንቀሳቀስ አለኝ። በጫማዬ ስገፋው ነው ትንሽ የሄደው። ፍሬኑ አልተበላሸም ነበር። ሲሠራም የታሰበው ለጎረምሳ እግር ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ አሮጌ ካሚዮኖች እንዲህ ነበሩ፤ ሾፌሮቻቸውንም በቀኝ ባታቸው ውፍረት ትለያቸዋለህ።

እኔ ከስር ተጋድሜ ሳለሁ እሳቸው አንድ ጎማ ላይ ተቀምጠው ታሪካቸውን ነገሩኝ። ባላቸው ከሱሉልታ ሜዳ ሳር እየገዙ አዲስ አበባ ላም ለሚያረቡ ሰዎች የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ነበሩ። ሳሩ ከታጨደ በኋላ ባዶ ሜዳው ላይ ሚስታቸውን መንዳት ያስተማሯቸው መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር፤ በኋላ የራሳቸው ዓይን እየደከመ ሲሄድ የምር ሆነ። እትዬም መንጃ ፈቃዱን ከወንዶቹ ጋር ተሰልፈው አወጡ። ባላቸው ሲሞቱ ሳሩንም ካሚዮኗንም ወረሱ፤ ሁለቱንም ያለማንም እርዳታ ማንቀሳቀስ ያዙ።

ይህ ያልተዋጠላቸው የባላቸው ታላቅ ወንድም ነበሩ። አገሩ ሁሉ በአክብሮት ኦቦ እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እኔም በኋላ ሳውቃቸው ከዚያ ሌላ አልጠራኋቸውም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ መኪና ግን ይፈራሉ። ካሚዮኗ ተሸጣ በሬና መሬት ይገዛባት ባይ ናቸው።

«ባለፈው ሳምንት ደግሞ ምክንያት ሰጠኋቸው» አሉ እትዬ።

«ምን አደረጉ?»

«ከእንጦጦ ወደኛ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ብረግጥ፣ ብረግጥ፣ ብቆምበት! እምቢ። ከመንገድ አውጥቼ የሰው ሳር ክምር ውስጥ ሰካኋት። እስከ ጋቢናዋ ድረስ ነው የገባችው። በሩም አልከፈት አለኝ። ኦቦ መጥተው ሳሩን በመንሽ እየዛቁ ነው ያወጡኝ። እየዛቁም እየተሳደቡ።»

ከስር ሆኜ ሳቄን ማፈን አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። ኦቦ ሽማግሌ ሰብስበው ነበር። ሽማግሌዎቹም የእትዬ ልጅ ሠርግ እስኪያልፍ ነገሩ ይቆይ፤ ካሚዮኗ አንድ ጥፋት ከደገመች ግን ትሸጥ ብለው ወሰኑ። ልጅቱ የምትዳረው ሰበታ ነው። ለቅልቅሉ የሱሉልታ ዘመድ በሙሉ ሰበታ መሄድ አለበት።

«እኔ ነኝ የምወስዳችሁ ብያቸዋለሁ» አሉ። «ዘመዶቼን በራሴ መኪና፣ በራሴ እጅ። ስለዚህ አንተ ልጅ፣ ይሄን ፍሬን ለኔ እግር እንዲሆን አድርግልኝ።»

ያኔ ስለ ሰርቮ ነገርኳቸው። ሰርቮ ድስት የሚያክል የቆርቆሮ ከበሮ ነው፤ ውስጡ የላስቲክ ሽፋን አለው። ሞተሩ ሲሠራ አየር ይስባል። ያን ስበት በቱቦ ወደ ከበሮው ካመጣኸው፣ ሾፌሩ ፔዳሉን ትንሽ ሲነካ ላስቲኩ አብሮ ይገፋል። አዳዲሶቹ አውቶብሶች ከፋብሪካ ይዘውት ይመጣሉ። አሮጌ ካሚዮን ላይ ሲገጠም ግን አይቼ አላውቅም፤ ገጥሜም አላውቅም። ይህንንም አልደበቅኳቸውም።

«የሚረዳኝ ሰው አብሮኝ እንዲገፋ ማለትህ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ሠርጉ ሳይደርስ ፈልግልኝ ያንን ሰው» ብለው ካሚዮኗን ትተውልኝ በአላፊ መኪና ሄዱ።

በማግሥቱ ሰበታ ወረድኩ። እዚያ አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ አባቱ የጨውና የጨርቅ ሱቅ ያላቸው እስላም ነጋዴ ናቸው። እሱ ግን ከሱቁ ጀርባ የተፈታታ መኪና መሸጥ ጀምሮ ጓሮውን በብረት ሞልቶታል። የሌለው ዕቃ የለም፤ ችግሩ የትኛው የት እንዳለ እሱም አለማወቁ ነው።

«ሰርቮ? ሞልቷል!» አለኝ። «ምን ይመስላል?»

ግማሽ ቀን ከፍሬ ዳዶና ከራዲያተር ክምር ጋር ስንታገል ቆይተን፣ ከዕርጅና ብዛት የተፈታ አውቶብስ ስር አገኘነው። የላስቲኩ ሽፋን አለመቀደዱን ለማወቅ የአየር መግቢያውን አፌ ውስጥ ከትቼ በኃይል ሳብኩና ቀዳዳውን በምላሴ ዘጋሁት። ስበቱን ከያዘ ላስቲኩ ደህና ነው ማለት ነው። ያዘ። ምላሴንም ያዘው። ወዳጄ እኔ ምላሴን ለማላቀቅ ስታገል አይቶ ሳቁን አላቆም ሲል አባቱ ከሱቁ ወጥተው መጡ። ጥቁር ዘይት የተቀባ አፌን አይተው «ይሄ ልጅ ርቦት ነው እንዴ? ምሳ አቅርቡለት እንጂ» አሉ። ምሳ በላሁ። ወዳጄም የገዛሁትን ተሸክሞ ቡራዩ ድረስ አብሮኝ መጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጠም ሳላይማ አልቀርም አለ።

ገጠማው እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። የካሚዮኗ ፔዳል ወለሉን በስቶ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ክንድ አለው፤ ክንዱ አንድ ወፍራም ብሎን ላይ ይሽከረከራል፤ ከክንዱ የሚነሳ ዘንግ ነው ወደ ፍሬኑ የሚገፋው። ሰርቮው በበኩሉ የራሱ ዘንግ አለው። ሁለቱ ዘንጎች ግን አይተያዩም። አንዱ በግራ ነው፣ ሌላው በቀኝ፤ አንዱ ዝቅ ብሏል፣ ሌላው ከፍ። ሻንሲው ላይ ከወፍራም ላሜራ መቀመጫ ቆርጬ በየድኩለት፣ ሰርቮውን አሰርኩበት። ከዚያ በመካከላቸው እንደ ክርን የሚታጠፍ አጭር ብረት ሠራሁ። ፔዳሉ ክርኑን ይገፋል፣ ክርኑ ዞሮ የሰርቮውን ዘንግ ይገፋል። ብረቱን በሞረድ ስሞርድ ቀኑ አለቀ። ወዳጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ወሬውን ሲቀጥል፣ አልፎ አልፎ መብራት ይይዝልኛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያበራው ግን ወደራሱ ፊት ነው።

እትዬ ሲመጡ ለሙከራ ከጋራዤ በታች ወዳለው ሜዳ ወጣን። እሳቸው መሪው ላይ፣ ወዳጄ መሐል፣ እኔ ዳር። ካሚዮኗ ጥሩ ፍጥነት ስትይዝ «አሁን ይያዙ!» አልኩ።

እትዬ እንደ ልማዳቸው ተነስተው ቆሙበት።

ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ጊዜ አልነበረንም። አራቱም ጎማ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። እኔ ከፊት መስታወቱ ጋር ተሳሳምኩ። ወዳጄ ከመቀመጫው ተንሸራቶ ከታች ማርሹን አቅፎ ተገኘ። እትዬ መሪውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ ሻሻቸው ዓይናቸውን ሸፍኖታል። ከዚያ ሻሹን ወደ ላይ ገፋ አድርገው፦

«ይሄ የምትለው ሰው ገፊ ነው፤ ኧረ ገደለን!» አሉ።

«እስቲ በቀስታ ይንኩት» አልኳቸው። በቀስታ ነኩት። እንደገና ተወረወርን። ወዳጄ ከዚያ በኋላ ጋቢና ውስጥ አልቀመጥም ብሎ ወረደ።

ነገሩ የገባኝ ተመልሼ ከስር ተጋድሜ ክንዱን ሳየው ነው። የፔዳሉን ዘንግ ያሰርኩት ድሮ በነበረበት ቀዳዳ ነበር፤ ቀዳዳው ደግሞ ክንዱ ከሚሽከረከርበት ብሎን አጠገብ ነው። በዚያ ቦታ ሲታሰር የእግር ግፊት ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ድሮ ሰርቮ ስላልነበረ ያ ያስፈልግ ነበር። አሁን ግን እጥፉ ላይ ሰርቮው ሌላ እጥፍ ጨመረበት። ስለዚህ ክንዱ ላይ ከብሎኑ ራቅ አድርጌ አዲስ ቀዳዳ በሳሁና ዘንጉን ወደዚያ አዛወርኩት። ዘንጉ አጠረኝ፤ ቀጥዬ አስረዘምኩት።

በሁለተኛው ሙከራ ፍሬኑ ለእግር የሚመች ሆነ። እትዬ ተቀምጠው ነኩት፣ ካሚዮኗ ቀስ ብላ ቆመች፤ ጠበቅ አድርገው ነኩት፣ ቶሎ ቆመች። ደስታቸውን አልቻሉትም። «አሁን መንገድ ላይ እንያት» ብለው ወደ አስኮ አቅጣጫ አወጧት። ወዳጄም ልቡ ተመልሶ ጋቢና ገባ።

ጥቂት እንደሄድን ካሚዮኗ እየከበደች መጣች። እትዬ ቤንዚን ይጨምራሉ፣ እሷ ታቃስታለች።

«ምን ነካት? ሜዳውን ዳገት አደረገችው» አሉ።

ከዚያ የሚያር ነገር ሸተተን። ወርደን የኋላውን ጎማ ስናይ ከመሐሉ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ወዳጄ ከኩሬ ውሃ በቆርቆሮ ቀድቶ ጠብ ቢያደርግበት ጭሽሽ አለ። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አዩኝ። ቀስ ብለውም፦

«ወንድሜ፣ እግሬን ሳላሳርፍባትም ፍሬን ይዛለች መሰለኝ» አሉ። «ፈረስ ልጓሙን ስትወጥርበት እንደሚሆነው ነው የሆነችብኝ።»

እውነታቸውን ነበር። ዘንጉን ስቀጥል አስረዝሜዋለሁ። ፔዳሉ ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ ተመልሶም እንኳ ዘንጉ ሰርቮውን በትንሹ እንደገፋው ይቆያል፤ ሸራው ከጎማው ሳይላቀቅ እየታከከ ይግላል። እዚያው መንገድ ዳር ተጋድሜ ማያያዣውን ዳዶ ፈታሁና ዘንጉን ጥቂት ጥቂት እያዞርኩ አሳጠርኩት። እትዬ ከላይ ፔዳሉን በጣታቸው ይነካሉ። «አሁንስ?» እላለሁ። «ገና ነው፤ ወዲያው ይገፋል።» አዞራለሁ። «አሁንስ?» በመጨረሻ «ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ ትንሽ ባዶውን ይሄዳል፣ ከዚያ ይይዛል» አሉ። የፈለግነው ያችን ትንሽ ባዶ ነበር። ዳዶውን አጠበቅኩት፤ እንዳይፈታም በሽቦ አሰርኩት። ጎማዎቹ እስኪበርዱ እትዬ ከያዙት ስንቅ ቆሎ አውጥተው ሰጡን፤ መንገዱ ዳር ተደርድረን ቆሎ ስንበላ የሚያልፉ ሾፌሮች ጡሩምባ እየነፉ አሾፉብን።

ወደ ሱሉልታ የተመለሱት ካሚዮኗን ራሳቸው እየነዱ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ሞተሩ ከጠፋ ይሄ ሰውዬ ይገፋልኛል?»

«አንድ ሁለቴ ይገፋል፣ እትዬ። ከዚያ ጉልበቱ ያልቃል፤ ፍሬኑ እንደ ድሮው ይከብዳል። ቁልቁለት ላይ ሞተር እንዳያጠፉ።»

«ባሌ ግን ለቤንዚን ቁጠባ ያጠፋ ነበር።»

«አሁን አይጠፋም።»

«አይጠፋም» አሉ፤ ሄዱ።

ለቅልቅሉ እኔና ወዳጄ ተጋብዘን ስለነበር በዋዜማው ሱሉልታ ደረስን። ጠዋት ካሚዮኗ በቄጠማና በአበባ ተሸልማ ቆማለች። ከኋላ፣ ዕቃ የሚጫንበት ስፖንዳው ውስጥ ሳር ተነጥፎ፣ በሳሩ ላይ ምንጣፍ ተደርጎ፣ ሴቶቹ ከነከበሮአቸው ተቀምጠዋል። እኔ ጋቢና ገባሁ፤ መፍቻዎቼን የያዘውን ከረጢት ጉልበቴ ላይ አድርጌያለሁ። ለእትዬ አልተናገርኩም እንጂ ሌሊቱን ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁም።

ኦቦ ነጭ ካባቸውን ለብሰው ካሚዮኗን ዞሩ። ጋቢና እንዲገቡ ክብር ተሰጣቸው፤ እምቢ አሉ። ከኋላ ወጥተው ከሁሉም ጫፍ፣ በሩ አጠገብ፣ እግራቸውን ወደ ውጭ አንጠልጥለው ተቀመጡ።

«ኦቦ፣ ምነው ወደ ውስጥ አይጠጉም?» አላቸው ወዳጄ።

«እዚህ ይሻለኛል» አሉ። «ስትገለበጥ ቀድሜ እዘላለሁ።»

ወዳጄም አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ከኋላ የሆነውን ሁሉ ቆይቶ የነገረኝ እሱ ነው።

ዳገቱን ወጥተን እንጦጦ ጫፍ ስንደርስ ከተማዋ ከታች ተዘርግታ ታየች። ቁልቁለቱ ጀመረ። እትዬ ማርሹን ቀነሱ፣ ሞተሩን አላጠፉም፣ እግራቸውን ፍሬኑ ላይ ቀለል አድርገው አስቀመጡ። ከኋላ ዘፈኑ ሞቋል። አንድ ጠመዝማዛ ዞርን፤ ሁለተኛውን ስንዞር መንገዱ ሙሉ ከብት ነው። ወደ ገበያ የሚነዳ መንጋ፣ ከዳር እስከ ዳር መንገዱን ዘግቶታል፤ ከፊት አንድ ትልቅ ነጭ ወይፈን ቆሞ በቀጥታ እኛን ያያል።

የራሴ እግር ወለሉን ረገጠ፤ ምንም ፍሬን በሌለበት። ከረጢቴን እንደ ልጅ አቀፍኩት። እትዬ ግን ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ጫማቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ጨመር አደረጉ፣ ካሚዮኗ እንደ ደከመው ሰው ወደፊት ትንሽ ሰገድ ብላ ከወይፈኑ ፊት ቆመች። ወይፈኑ የኮፈኗን ቄጠማ ቀርቦ ግጦ አለፈ።

ከኋላ ዘፈኑ አልተቋረጠም። ወዳጄ እንደነገረኝ ከበሮ መቺዋ አንድ ምት እንኳ አልሳተችም። ኦቦ ደግሞ ጥቂት ቆይተው ዞር አሉና፦

«ለምን ቆመች? ሞተሩ ተበላሸ እንዴ?» አሉት።

«ኧረ ከብት ነው፣ ኦቦ። መንገድ ዘግቶ እትዬ አቆሟት።»

«መቼ?»

«አሁን!»

ኦቦ ከጫፋቸው ወረዱ። በካሚዮኗ ጎን ሄደው የከብቱን መንጋ አዩ፤ ቁልቁለቱን አዩ፤ ጎማዎቹን አዩ። ከዚያ በእኔ በኩል ጋቢናውን አንኳኩ።

«ጠጋ በል» አሉኝ።

ተጠጋሁላቸው። ገብተው በሩን ዘጉ። እስከ ከተማው ድረስ ዓይናቸው ከእትዬ እግር አልተነሳም። ጉለሌን አልፈን ሜዳው ላይ ስንደርስ ብቻ፦

«ጋሪ ዳ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

«የቱ ነው ጥሩ? ፍሬኑ ነው እኔ?» አሉ እትዬ።

«መንገዱ» አሉ ኦቦ። እትዬ ሳቅ ብለው ጡሩምባ ነፉ።

ሰበታ ስንደርስ የሙሽራው ወገን በጭፈራ ተቀበለን። መጀመሪያ ወንዶቹ ሾፌሩን ለመሸከም ወደ ጋቢናው ሮጡ፤ በሩ ተከፍቶ እትዬ ሲወርዱ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ወዲያው ደግሞ እልልታው እጥፍ ሆነ። ሙሽራዋ እናቷን አቅፋ አለቀሰች፣ ሳቀችም። ለወዳጄና ለአባቱ እስላም ያረደው ሥጋ ለብቻ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ ይህን ያሰቡት እትዬ ናቸው፤ ቀደም ብለው መልእክት ልከው ነበር። የወዳጄ አባት አዩኝና «ያ የተራበው ልጅ መጣ» ብለው ከሌላው ማዕድ አንስተው ቁርጥ አስላኩልኝ።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠው ሳለ ኦቦ ተነሱ። ረጅም ንግግር ይጠበቅ ነበር፤ እሳቸው ግን አሳጠሩት። «ስለ ካሚዮኗ የተናገርኩትን አንስቻለሁ። የወንድሜ ሚስት ትንዳት» አሉና ተቀመጡ። እትዬ ከሴቶቹ መሐል ሆነው ሰሙት፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያስጠጉም አይቻቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ጋራዤ በር ላይ «ለዚያች ለሱሉልታዋ ያደረግህላትን አድርግልኝ» የሚል ሾፌር ተሰለፈ። የወዳጄም ጓሮ ሰርቮ የሚፈለግበት ቦታ ሆነ፤ አሁን ምን እንደሚመስል አውቆታል። ስንቱን እንደገጠምን አላስታውስም። ባለቤቴ ያን ዘመን ስታነሳ ልብሴን የምታጥበው በውሃ ሳይሆን በቤንዚን ነበር ትላለች።

ሳሩ ታጭዶ ሜዳው ባዶ በሆነበት ወቅት ቅቤ ልገዛ ጫንጮ ስሄድ፣ በሱሉልታ ሳልፍ ካሚዮኗን ከመንገድ ራቅ ብላ ሜዳው ላይ አየኋት። እየተንፈራገጠች ወደፊት ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትዘላለች። ከአውቶብሱ ወርጄ ጠጋ አልኩ። መሪው ላይ የተቀመጡት ኦቦ ነበሩ፤ ላብ ከግንባራቸው ይወርዳል፤ እትዬ አጠገባቸው ሆነው ይጮኻሉ።

«ቀስ በሉ፣ ኦቦ! በቀስታ ንኩት ስል፣ እንደ እባብ አትርገጡት!»

ኦቦ አዩኝና እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ሰላምታ ሰጡኝ። በዚያው ቅጽበት እግራቸው ፍሬኑ ላይ ወደቀ፤ ካሚዮኗ ቀጥ ብላ ስትቆም የሁለቱም ራስ ባንድነት ወደፊት ሰገደ። ከዚያ የእትዬ ሳቅ ሜዳውን ሞላው፤ ኦቦም አብረዋቸው ሳቁ፣ ሞተሩንም እንደገና አስነሱ።